ዘይነባ ትጠየቅ

በዚያ ዘመን ሽንኩርት የሚሸጥ ሰው እንኳ መመሪያ ነበረው። ገበያ የሚወጣ ሰው ቀርቶ የየቤቱን አስቤዛ የሚገዙት ሥጋ የሌላቸው የኮምፒውተር ወኪሎች ስለነበሩ፣ መመሪያ የሌለውን ጉሊት ዝም ብለው ያልፉት ነበር። ንቀው አይደለም፤ ወኪል ያልተጻፈ ነገር አይታየውም። ትርንጎ ዘውገ በምትኖርበት ሰፈር መግቢያ ላይ የምትቸረችረው ሴትዮ ስንት ደጅ ጠንታ ያስጻፈችው መመሪያ እንዲህ ይላል፦ «ሽንኩርቱ ቀይ ነው። ክብ ነው። ሲከተፍ ያስለቅሳል፤ ይህ ብልሽት አይደለም።» ከዚያ ወዲህ ገበያዋ ደራ።

ቀስ በቀስ የሰውም አነጋገር ተለወጠ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» የሚል ጠፋ፤ «ወራጅ፣ አንድ ሰው፣ ከፋርማሲው ፊት ለፊት፣ መኪናው ከቆመ በኋላ» ይባላል። ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ የሙሽራው መመሪያ አብሮ ይቀርባል። «ሲናደድ ዝም ይላል። ዝምታው ከበረታ እናቱ ትጠራ» የሚል መስመር የሌለበት መመሪያ ይዞ የሄደ ሽማግሌ አፍሮ ይመለሳል፤ የሚደብቁት ነገር አለ ይባላልና።

ትርንጎ የምትጽፈው ግን የሽንኩርትም የሙሽራም መመሪያ አልነበረም። የጨልቃ ግድብ ሠራተኛ ናት፤ ግድቡን አይታው አታውቅም። የምትሠራው ከግድቡ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ አዳማ ውስጥ፣ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ባለ ፎቅ ላይ ነው። ግድቡን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም ወኪሎች ይጽፉታል፤ ወኪሎች ያስኬዱታል፤ ሲበላሽም እነሱው ይጠግኑታል። ለሰው የቀረው ድርሻ አንድ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚታዘዝ፣ ምን ሲባል ምን እንደሚመልስ ለወኪሎቹ በግልጽ መጻፍ። በየክረምቱ አዲስ የወኪል ትውልድ ይወጣል። አዲሱ አሮጌው የሚያውቀውን አያውቅም፤ ከመመሪያው በቀር እናትም አባትም የለውም። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ የንባብ ቀን ይውላል። በዚያ ቀን ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን አዲሶቹ ወኪሎች የሀገሩን መመሪያ ሁሉ አንብበው ሥራ ይጀምራሉ። ከዚያም በኋላ ዓመቱን ሙሉ ግራ የገባው ወኪል ተመልሶ ያነባል።

ወኪል ደግሞ ከማብራሪያ ይልቅ ምሳሌ ይወዳል። አሥር ገጽ ቢያብራሩለት፣ አንብቦ ሲያበቃ የመጀመሪያ ሥራው ምሳሌውን እንዳለ አንስቶ መሞከር ነው። የሙያው ሰዎች ይህን ጠባይ ስለሚያውቁት ደንብ አላቸው፤ ምሳሌ የሚሰጠው በሌለ ቦታ ላይ ነው። ትርንጎ ገና አዲስ ተቀጣሪ ሳለች ግድቡ ሲሞላ ውሃ የሚለቀቅባቸውን የማስተንፈሻ በሮች መመሪያ ስትጽፍ ለምሳሌዋ የምትሆን መንደር ፈጠረች። ስሟን ድንቡሼ ሜዳ አለቻት፤ ያኔ ጡት ይጠባ ከነበረው ልጇ ጉንጭ የወሰደችው ስም ነው። በሀገሩ የቦታ ስም መዝገብ ውስጥ ፈለገቻት፤ የለችም። ምሳሌው የድንቡሼ ሜዳን በር በትንሹ ከፍቶ መዝጋት ነው፤ ከሥሩም እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ድንቡሼ ሜዳ ለማስረዳት የተፈጠረች መንደር ናት። ሰው አይኖርባትም።»

ከሃያ ዓመት በላይ ማንም ያላረመው፣ አዲስ ተቀጣሪዎች «እንዲህ ይጻፋል» ተብለው የሚማሩበት ዓረፍተ ነገር ነው።

በዘንድሮው የንባብ ቀን ጧት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ አንዲት ሴት ደረጃውን ወጥታ ቢሮው በር ላይ ቆመች። ሻሿ ረጥቧል፤ በፕላስቲክ ጫማዋ ላይ ቀይ ጭቃ ደርቋል። ቢሮው ሰው በእግሩ የሚመጣበት ቦታ ስላልሆነ የእንግዳ ወንበሩ ላይ ጃንጥላዎች ተከምረውበት ነበር። ትርንጎ አነሳችላት።

«ከየት ነው የመጣሽው፣ እህት?»

«ከድንቡሼ ሜዳ።»

ትርንጎ ከት ብላ ሳቀች። «ጋሽ ድንበሩ ነው አይደል የላከሽ? ንገሪው፤ ዘንድሮ አልሸወድም።»

«ማን ነው ደግሞ ጋሽ ድንበሩ?» አለች ሴትዮዋ። አልሳቀችም። «ዘይነባ እባላለሁ። የመንደራችን የውሃ ኮሚቴ ነኝ። ሌሊቱን አውቶቡስ ላይ ነው ያደርኩት። እትዬ፣ እንደው ለአላህ ብለሽ፣ የዚህ ግድብ ሰው የሚባል አንቺ ነሽ?»

«ድንቡሼ ሜዳ የሚባል አገር የለም።»

«ይሄንኑ ነው እኮ ሁሉም የሚለን!»

ከዚያ ተቀመጠችና ነገረቻት። ሰዎቹ የግድቡ ሐይቅ ቀያቸውን ሲውጠው የተነሱ ናቸው። አዲስ ቦታ ሲሰጣቸው የድሮ ስማቸውን ይዘው እንዳይቀጥሉ ስሙ በሌላ ወረዳ ተይዟል ተባለ። ሌላ አቀረቡ፤ እሱም ተይዟል። በመጨረሻ የምዝገባው ወኪል ራሱ ስም አመጣላቸው፦ በመንግሥት ጽሑፍ ውስጥ በትክክል የተጻፈ፣ ማንም የማይኖርበት፣ ነፃ የሆነ ስም።

«ሽማግሌዎቹ እምቢ አሉ» አለች ዘይነባ። «‹ሰው ሊስቅብን ነው› አሉ። ደግሞም ሳቀብን፤ ገበያ ስንወርድ ጉንጫችንን ይቆነጥጡናል። ግን ቤት የሚሰጠው ስም ላለው ነውና ምን ይደረግ? ተቀበልን። ቦይ ተቆፈረልን፤ ቦዩ ላይ በር ተተከለ፤ በሩም በስማችን ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ውሃው ዓመል አወጣ። በበጋ፣ በክረምት፣ ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ባሰኘው ጊዜ ይለቀቅብናል። ሳይረኑ ይጮሃል፤ ልጅ ታቅፈን ወደ ጉብታው እንሮጣለን፤ ውሃው ጉልበት ይደርስና ደግሞ ይዘጋል። ‹የግድቡ ጠባይ ነው› ብለን ተቀምጠናል።»

ትርንጎ ሳቋ የት እንደሄደ አላወቀችም። በሩ ተመዘገበ የተባለበትን ዓመት ታስታውሰዋለች። ቀደም ሲል ምሳሌዋን የሞከረ ወኪል ሁሉ «እንዲህ ያለ በር የለም» የሚል መልስ ይደርሰው ነበር፤ ይህም በስህተትነት ይቆጠርባት ነበር። በዚያ ዓመት መልሱ በድንገት «ተከፍቷል» ሆነ። ስህተት ቀነሰ ተብሎ ቢሮው ዳቦ ቆረሰላት። ለምን እንደቀነሰ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እሷም ብትሆን ዳቦውን በላች እንጂ አልጠየቀችም።

«አቤት አላላችሁም?»

«እንዴት አንልም? አቤቱታ ባስገባን ቁጥር ‹ሙከራዎ ተሳክቷል› የሚል መልስ ይመጣል። ልጄን ላስመዘግብ ስሄድ ‹ስለ ናሙናው እናመሰግናለን› ተባልኩ። ልጄ እኮ ነው! እና ‹ወረቀት የማይሰማ ከሆነ እስቲ ሰው ሄዶ ይታይ› ተባባልን። መጣሁ። ይኸው፤ እዪኝ።»

ትርንጎ ግን እያየች የነበረው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ነው። የዘንድሮውን መመሪያ አሻሽላዋለች። ምሳሌው አጭር ነው፣ የመሣሪያውን አቅም በሙሉ አያሳይም የሚል አስተያየት ስለመጣባት ደህና አድርጋ አስፍታዋለች። በሩ እንደ ቀድሞው በትንሹ ተከፍቶ አይዘጋም፤ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ሳይረን ማጥፋትም እንደሚቻል ለማሳየት ሳይረኑ ይጠፋል። ሌላ ትእዛዝ እስኪመጣም በሩ እንደተከፈተ ይቆያል። ግልጽ፣ የተሟላ፣ የሚያምር ምሳሌ ነው፤ ባለፈው ወር የሙያ ማኅበሩ ሸልሟታል። ግድቡ በዚህ ሳምንት እስከ አፉ ሞልቷል። እኩለ ቀን ሲሆን ቁጥር ስፍር የሌላቸው አዲስ ወኪሎች ምሳሌውን ያነቡታል፤ አንብበውም ይሞክሩታል።

«ዘይነባ፣ አሁን ሰዎቹ የት ናቸው?»

«የት ይሆናሉ፤ ማሽላ አረም ላይ ናቸዋ። እታች ሜዳው ላይ።»

«ደውዪላቸው። ወደ ጉብታው ይውጡ።»

ዘይነባ ፊቷን አይታ ምክንያቱን ሳትጠይቅ ደወለች። አንዱ ጋ ጠራ፤ አላነሳም። ሌላዋ ጋ ደወለች፤ አላነሳችም። «ስልክ ይዞ አረም የሚወርድ የለም» አለች። «ሳይረን ከሌለ ማንም ቀና አይልም፣ እትዬ። ሳይረኑ ይጮሃል አይደል?»

ትርንጎ ከወንበሯ ተነሳች። የዘይነባን እጅ ይዛ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ሮጠች።

ጋሽ ድንበሩ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ፣ ችግር ሲመጣ መነጽሩን አውልቆ የሚወለውል ሰው ነው። ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ ዘይነባን ከሻሿ እስከ ጫማዋ አያት፤ ከገጽ መሃል አንድ አራት ነጥብ ተነስቶ ወንበር የጠየቀው ይመስል።

«ትርንጎዬ» አለ፣ «የተሸለምሽበት ምሳሌ እኮ ነው።»

«ጋሼ፣ ሰው አለበት።»

«ምሳሌው ላይ?»

«ምሳሌው ላይ!»

«ኧረ ቀስ በይ። ንባቡ ይለፍና በሚቀጥለው ዓመት እናስተካክለዋለን።»

«በሚቀጥለው ዓመት የማስተካክልለት ሰው የለም። ንባቡን ማስቆም የሚችለው ማነው?»

ጋሽ ድንበሩ መነጽሩን አወለቀ። «እሱን የሚለው ክፍል አልተጻፈም። አምና ልንጽፈው አስበን ነበር፤ በመሃል አንተ ጻፍ አንተ ጻፍ ስንባባል ቀረ።»

«ጌታዬ» አለች ዘይነባ፣ «ግድቡ ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቶ በሩን የሚይዝ አንድ ወንድ የለም?»

«ግድቡ ላይ ሰው ካለ ቆየ፣ እመቤቴ።»

የቀረው መንገድ መመሪያውን መለወጥ ነበር። መመሪያ የሚለወጠው ደግሞ ገምጋሚው ሲያጸድቀው ብቻ ነው፤ ገምጋሚውም ወኪል ነው፤ ሥራውም ግልጽ ያልሆነ ነገር ወደ ንባብ እንዳያልፍ መጠበቅ ነው። ትርንጎ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀምጣ ምሳሌውን ከነሥሩ ሰረዘችና ላከች። መልሱ ወዲያው መጣ።

«ምሳሌው ሲወጣ የወኪሎች ስህተት ይጨምራል። አልጸደቀም።»

የመንደሯን ስም በሌላ ስም ቀየረች።

«አዲሱ ስም የሌለ ቦታ ስም መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ማረጋገጫው ከንባብ በኋላ ይደርሳል። ተይዟል።»

«ሰው አይኖርባትም» የሚለውን ሰርዛ «ሰው ይኖርባታል» ብላ ጻፈች።

«የሰረዙት ዓረፍተ ነገር ለረጅም ዘመን ያለ ስህተት ያገለገለ ነው። አዲሱ ከመመሪያው ጋር ይጋጫል። ማስረጃ ያቅርቡ።»

«ማስረጃ ይላል» አለች ትርንጎ።

ዘይነባ ጡቷ ሥር የሸጎጠችውን መታወቂያ አውጥታ ካሜራው ላይ ለጠፈችው።

«የናሙና መታወቂያው በትክክል ተነብቧል» አለ ገምጋሚው። «እናመሰግናለን።»

«ምን አለ? አመሰገነኝ?»

«ዝም በይው።»

«እንዴት ዝም እለዋለሁ! ሰው የለም እያለ እያመሰገነኝ!» ዘይነባ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «እኔ እያለሁ እንዴት የለም ይላል? አለ ወይ የለም ወይ እኔን አይጠይቀኝም? እኔን ይጠይቅ በይው!»

ትርንጎ ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ እንዳሉ ቆሙ። ሰዓቱ ለስድስት ጥቂት ጉዳይ ሆኗል። መሰረዝ አይቻልም። መቀየርም አይቻልም። እርምጃ መጨመር ግን ሁልጊዜ ይቻላል፤ ግልጽ ከሆነና ወኪሉ መፈጸሙን ማወቅ የሚችልበት ከሆነ። ምሳሌውን እንዳለ ተወችውና ከአናቱ ላይ ጻፈች፦

«በቅድሚያ ዘይነባ ትጠየቅ። ዘይነባ ‹ይከፈት› እስክትል ድረስ አይከፈትም።»

«ስልክ ቁጥርሽን ንገሪኝ፤ ቶሎ!»

ነገረቻት። ተጻፈ። ተላከ። እስካሁን ፈጥኖ ይመልስ የነበረው ገምጋሚ አሁን የቆየ መሰላቸው። ከታች የጥርስ ሐኪሙ መሰርሰሪያ ይንጫጫል። ጋሽ ድንበሩ በሩ ላይ ቆሞ መነጽሩን ይወለውላል።

«ዘይነባ ምንድን ናት?» አለ ገምጋሚው።

ማን ናት አላለም። «ሰው» ብላ ብትጽፍ የት ነዋሪ ተብሎ እንደሚጠየቅ፣ ከዚያም ወዴት እንደሚኬድ ትርንጎ አወቀችው። አጠገቧ የቆመችውን ሴት ቀና ብላ ሳታይ ጻፈች፦ «ዘይነባ የበሩ አካል ናት።»

«ዘይነባ ካልመለሰችስ?»

«ይጠበቅ።»

«ግልጽ ነው። ጸድቋል።»

ወዲያው ስድስት ሰዓት ሞላ። ምንም ድምፅ አልነበረም፤ ንባብ ድምፅ የለውም። ሦስቱም ዘይነባ እጅ ላይ ያለውን ስልክ አፍጥጠው ያያሉ። ዝም አለ። ዝም ብሎ ቆየ። ትርንጎ የአረም ሰው እንዴት እንደሚጎነበስ፣ ከጀርባው የሚመጣ ነገር እንዴት እንደማይታየው አሰበች።

ስልኩ ጮኸ።

«ወይዘሮ ዘይነባ» አለ ለስላሳ ድምፅ፣ «የድንቡሼ ሜዳ ማስተንፈሻ በር ይከፈት?»

«አይከፈትም!» ብላ ጮኸች ዘይነባ፤ ታች ድረስ ተሰማ፤ መሰርሰሪያው ለአፍታ ቆመ።

«እሺ። እጠብቃለሁ።»

ዘጋች። ወዲያው ደግሞ ጮኸ። ያው ጥያቄ ነው፤ ድምፁ ግን ሌላ ነው። «አይከፈትም!» ደግሞ ጮኸ። «አይከፈትም አልኩ!» እየዘጋች እያነሳች፣ ዶሮ ከጥሬ ላይ እንደምትከለክል ሴት «አይከፈትም፣ አይከፈትም» ስትል ቆይታ፣ በመሃል ትንፋሽ ስታገኝ ወደ ትርንጎ ዞረች።

«ምን ብለሽ ነው የጻፍሽኝ?»

«የበሩ አካል።»

«ወይ ጉድ!» አለች ዘይነባ፤ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ባሌ እንኳን የቤቱ አካል ብሎኝ አያውቅ።»

ትርንጎ ወደ ድንቡሼ ሜዳ የወረደችው ክረምቱ ከመውጣቱ በፊት ነው። የሄደችው ግን እንኳን ተረፋችሁ ልትል አልነበረም። አንድ ጧት ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብላ «ወራጅ፣ አንድ ሰው» ልትል አፏን ስትከፍት የጻፈችው መስመር ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። ዘይነባ «ይከፈት» እስክትል ብላለች። ምኑ ይከፈት ስትል እንደሆነ አልጻፈችም። ለማን ስትል እንደሆነም አልጻፈችም። ምሳሌው ላይ ያለው የመንደሯ ስም በሌላ እስኪተካ ዓመት መጠበቅ አለበት፤ እስከዚያ ያቺ ሴት ለማንም ደዋይ፣ ስለማንኛውም ነገር «ይከፈት» ያለች እንደሆነ፣ በር ላይ ተደርድረው የሚጠብቁት ወኪሎች ሁሉ መልሳቸውን አገኙ ማለት ነው።

መንደሯ ከምሳሌዋ ትሰፋለች። የቆርቆሮ ቤቶቹ ከጉብታው ሥር ተደርድረዋል፤ ከነሱ በታች ማሽላው ዛላ ይዟል፤ ከማሽላው ባሻገር ከፍ ብሎ በሩ ይታያል። ትርንጎ ስትጽፈው የኖረችውን በር ያኔ ገና አየችው። እንዳሰበችው ትልቅ አልነበረም፤ ከበስተጀርባው ያለው ውሃ ግን ትልቅ ነው።

ዘይነባን ጉብታው ላይ ካለ ግራር ሥር ተቀምጣ አገኘቻት። ስልኩን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። ድምፅዋ ጎርንኗል፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«ባልሽ አያግዝሽም?»

«ሞክሮ ነበር። ‹ዘይነባ ትጠየቅ› ይሉታል። ዝም ብላቸው ይጠብቃሉ፤ ግን እየጠበቁ ይደውላሉ። ስንቱ ነው የሚጠብቀኝ፣ እትዬ?»

«ብዙ።»

«አይከፈትም!» አለች ዘይነባ ወደ ስልኩ፤ ወሬዋን ሳታቋርጥ። «ሰው ግን ተመችቶታል። ውሃ ከተለቀቀብን ቆየ። ማሽላውን አየሽው?»

ትርንጎ የመጣችበትን ነገረቻት። ዘይነባ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ይሄ ነው?» አለች። «ለማን ብዬ ‹ይከፈት› እላለሁ? ደዋዮቼ የታወቁ ናቸው። ከአንድ ጥያቄ በቀር አያውቁም።»

ስልኩ ጮኸ።

«ወይዘሮ ዘይነባ፣ ቁም ሣጥኑ ይከፈት?»

ዘይነባ «አይ» ብላ ጀምራ አቆመች። «የምን ቁም ሣጥን?»

«የመድኃኒት። እዚህ ጤና ኬላ ነው።» የኬላውን ስም ጠራ፤ ሁለቱም ሰምተውት የማያውቁት አገር ነው። «መመሪያው በቅድሚያ ዘይነባ ትጠየቅ ይላል።»

ትርንጎ ገባት። ግልጽ ጽሑፍ ይቀዳል። የሌላ ቢሮ ጸሐፊዎች ያለ እንከን የጸደቀ እርምጃ አይተው፣ ለየመሣሪያቸው ጥንቃቄ ይሆናል ብለው፣ እንዳለ ከነስልክ ቁጥሩ ወስደውታል። እሷም ወጣት ሆና እንዲሁ ነበር የምትሠራው።

«ማን ታሞ ነው?» አለች ዘይነባ።

«እሱ መመሪያው ላይ አልተጻፈም። ከበስተኋላ ‹እባብ› የሚል ድምፅ ይሰማል። ይከፈት?»

ዘይነባ አፏን ከፈተች። ትርንጎ ተወርውራ በመዳፏ ደፈነችው። ሁለቱም እንደዚያ ሆነው ቁልቁል አዩ። ማሽላው ውስጥ ሰዎች አሉ፤ ባለ ቀይ ሻሽ አንዲት ሴት፣ ወፍ የሚያባርር ሽማግሌ፣ ሌሎችም ቅጠሉ የዋጣቸው። ከበላያቸው በሩ ተዘግቶ ቆሟል። ስልኩ ውስጥ፣ ከለስላሳው ድምፅ ጀርባ፣ ሰው ያቃስታል።

ዘይነባ የትርንጎን እጅ ከአፏ ላይ ቀስ አድርጋ አነሳችው።

«ስማ» አለች። «አጠገብህ ሰው አለ?»

«አንዲት ነርስ አለች። ነገር ግን መመሪያው የሚለው ዘይነባ ትጠየቅ ነው።»

«ዘይነባ ነኝ የምነግርህ። እሷን አገናኘኝ።»

ትንሽ ቆየ። ከዚያ የሚሮጥ እግር፣ ከዚያ የወጣት ሴት ድምፅ፦ «ሃሎ! ማን ልበል? እባክዎ ይክፈቱልን! እጁ እያበጠ ነው፣ መድኃኒቱ እዚህ በዓይናችን እያየነው—»

«እህቴ፣ እኔ ከፋች አይደለሁም። አልችልም። ስሚኝማ፤ የቁም ሣጥኑ በር ምንድን ነው?»

«ምን?»

«ከምንድን ነው የተሠራው? ብረት ነው?»

«መስታወት ነው።»

«ድንጋይ አለ እዚያ ቤት?»

ነርሷ ዞር ብላ አየች። ከዚያ፣ እንደማፈር ብላ፣ «አለ፤ የደጁን በር የምናስደግፍበት» አለች።

«እሱን አንሺ።»

መስታወቱ ሲረግፍ ጉብታው ላይ ድረስ ተሰማ። ቀጥሎ ጥድፊያ፣ የሚከፈት ካርቶን፣ «ያዙት፣ ክንዱን ያዙት» የሚል ጩኸት። ዘይነባ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን ጨፍናለች። ትርንጎ ዓይኗን ከበሩ ላይ አልነቀለችም። በሩ ንቅንቅ አላለም።

«ገባ» አለች ነርሷ ከብዙ ቆይታ በኋላ። ታለቅሳለች። «መርፌው ገብቷል። እግዜር ይስጥልኝ… ማን ልበል?»

ዘይነባ ሳትመልስላት ለስላሳው ድምፅ ተመለሰ።

«ወይዘሮ ዘይነባ፣ አሁን የተደረገው አሠራር መመሪያው ላይ የለም። ችግሩን ግን ፈትቷል። ለሌሎች ወኪሎች ይጻፍ?»

ዘይነባ ወደ ትርንጎ ዞረች። ትርንጎ ዕድሜዋን ሙሉ ያልተጻፈ ነገር ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት፤ ገና ስትሰማው ዓረፍተ ነገሩ በአእምሮዋ ተሰካክቶ አልቆ ነበር፤ አጭርና ግልጽ፣ ገምጋሚው ዓይኑን ሳያሽ የሚያሳልፈው። የተጻፈውን ግን ወኪል ሁሉ ባገኘው በር ላይ ይሞክረዋል። ከማሽላው ውስጥ ሽማግሌው ወፍ ላይ ይጮሃል። ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«ተወው» አለች ዘይነባ ወደ ስልኩ። «አይጻፍ።»

«እሺ» አለ። ወዲያው ደግሞ ስልኩ ጮኸ።